የጋሽ ሴንቲ የዳቦ መኪና

አማቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ፊት ለፊት «አባባ» እላቸዋለሁ፤ ከጀርባቸው ግን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሽ ሴንቲ» ነው የምላቸው። ስሙ የወጣላቸው ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ስለማያውቁ ነው። ከሰው ሲተዋወቁ በእጃቸው እየጨበጡ በዓይናቸው ትከሻውን ይለካሉ። ልጃቸውን ላገባ እንደምፈልግ የነገርኳቸው ዕለት ከላይ እስከ ታች ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ግራ ትከሻህ ትንሽ ወረድ ብሏል፤ ግድ የለም፣ ስፖንጅ ይገባበታል» አሉኝ። ይህ እሺታ መሆኑን ያስረዳችኝ ባለቤቴ ናት።

ከዚህ የተረፈ ንግግር ብዙም የላቸውም። ደስ ሲላቸው ይለካሉ፣ ሲናደዱ ይለካሉ፣ ሲጨንቃቸው ደግሞ የለኩትን መልሰው ይለካሉ። ባለቤታቸው፣ እኛ እማማ የምንላቸው፣ የሳቸውን ድርሻ ጨምረው ሲያወሩ ኖረዋል። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ሚዛኑ ልክ ነበር ማለት ይቻላል።

ቤቱና ሱቁ አንድ ነው። ከታች መስፊያው፣ ከላይ መኝታውና መታጠቢያው። ሁለቱን የሚያገናኘው የእንጨት ደረጃ ቀጥ ከማለቱ የተነሳ ደረጃ ከሚባል መሰላል ቢባል ይቀላል። እማማ ሱሪ ታቅፈው ሲወርዱ ከዚህ ደረጃ ላይ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ሲጨርስ ያለው ነገር አጭር ነበር፤ ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ታላቅ እህታቸው ቤት ሄዱ።

እህትየዋ ትምህርት ቤት ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዛሬም ድረስ «ዳይሬክተሯ» ነው የምንላቸው። ጡረታ ሲወጡ እፎይ ያለው ትምህርት ቤቱ ነው። እሳቸው ቤት ሲገባ እግር ይጠረጋል፣ ሲወጣ ፈቃድ ይጠየቃል። እውነቱን ለመናገር ግን እህታቸውን በደንብ ነው የያዟቸው። ቤቱ ደረጃ የለውም፣ መታጠቢያው ሰፊ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባበት በረንዳም አለው።

ጋሽ ሴንቲ በበኩላቸው መስፊያውን ለሁለት ከፍለው መኝታና መታጠቢያ ሊያደርጉት ወሰኑ። በሩ ይሰፋል፤ እማማ አሁን የሚሄዱበት ባለ አራት እግር ምርኩዝ ሳይነካካ እንዲያልፍበት። የስፌት መኪናዎቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ደንበኛም ካሻው ደረጃውን እየወጣ ይለካ። ውሳኔው ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ሥራውን ነገ ዛሬ ሲሉ መክረማቸው ነው።

አንድ ቀን ባለቤቴ እናቷን ጠይቃ መጣች። ጋሽ ሴንቲ ስፒሎች በከንፈራቸው ይዘው አንድ ኮት ላይ አጎንብሰው ነበር።

«አክስቴ ለእማዬ አልጋ ገዛችላት» አለች።

ጋሽ ሴንቲ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው ኮቱ ላይ ሰኩ።

«ታጣፊ ነው?»

«አይ፣ የእንጨት ነው። ራስጌ ሁሉ አለው።»

«ራስጌ» አሉ ጋሽ ሴንቲ፤ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ታጣፊ አልጋ ለእንግዳ ነው። ራስጌ ያለው የእንጨት አልጋ የተገዛለት ሰው ግን እንግዳ አይደለም፣ ነዋሪ ነው። አማቴ ሚስታቸውን ሊያጡ ነው፤ ያውም በሞት ሳይሆን በምቾት። እንዲህ ፊታቸው ነጥቶ አይቻቸው አላውቅም፤ አሳዘኑኝ። በማግስቱ ግንበኛ መጣ።

ግንበኛው እጁ የተባረከ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ካለቀ በኋላ ነው። ሲሚንቶ ሲመጣለት አሸዋ የለም ይላል፣ አሸዋ ሲመጣ ወንፊት፣ ወንፊቱ ሲመጣ ሲሚንቶው አልቋል። አሸዋ እንዲያመጣልን የተስማማነው የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ «መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋና መንገድ ላይ ቀረ። ስለዚህ የእኔ ትንሽ አውቶሞቢል ለጭነት ታጨች።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ነጭ ጋውን ለብሼ ሰውን ስለ ንጽሕና የምመክር ሰው ነኝ። ሲሚንቶው ኋላ ወንበር ላይ ፈነዳ፤ ብረቱ የፊት መስታወቱን ለጥቂት ሳተ፤ የቀለም ቆርቆሮው በቀኝ ስታጠፍ በግራ ተደፋ። ደንበኞቼ ከመድኃኒቱ ይልቅ ፀጉሬን ማየት ጀመሩ። አንዲት ሴትዮ ምን ቢደርስብኝ ነው በአንድ ሳምንት እንዲህ የሸበትኩት ብላ አዘነችልኝ። «አማቴ ቤት እያደሱ ነው» አልኳት፤ የባሰ አዘነችልኝ።

በመጨረሻ ባለቤቴ መኪናችን ውስጥ ልትገባ ስትል ቀሚሷ በምስማር ተያዘና አበቃ። ቀጥታ አባቷ ጋ ሄደች።

«አባዬ፣ የራስህን መኪና ግዛ። አሮጌ ይሁን፣ ዕቃ ይጫን፣ ሥራው ሲያልቅ ይሸጣል።»

«ሐሳቡ ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ሴንቲ። «ግን እኔ መንዳት አልችልም።»

አባትና ልጅ ዞረው አዩኝ። የቤተሰቡ ሹፌር ሆኜ የተቀጠርኩት እንዲህ ነው፤ ቃለ መጠይቅም አልነበረውም።

ያገለገለ መኪና ወደሚሸጥበት ሜዳ ሄድን። ደላላው ሁሉንም መኪና «ይቺን እንኳ ለእናቴ ነበር ያስቀመጥኳት» እያለ የሚያስተዋውቅ ሰው ነው፤ ሲቆጠር እናቱ የአንድ አውቶቡስ ኩባንያ ባለቤት ሳትሆን አልቀረችም። መጀመሪያ ያሳየን ቀይ ፒክአፕ ነበር። አልደብቅም፣ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከፍ ያለ፣ ደረቱን የነፋ፣ ጎማው የሚያስፈራ። መሪው ኋላ ስቀመጥ ፋርማሲስት መሆኔን ረሳሁት።

«ተራራ ይወጣል!» አለ ደላላው።

«ተራራ ላይ ቤት የለኝም» አሉ ጋሽ ሴንቲ፤ ሜትራቸውን ሳቡ።

የጭነቱን ቦታ ቁመትና ወርድ ለኩ። ቀጥለው ከመሬት እስከ ጭነቱ አፍ ያለውን ለኩ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ከመሬት እስከ ደረቴ ለኩኝ።

«ሲሚንቶውን እዚህ ድረስ የሚያነሳው ማን ነው?»

«እኔ አለሁ፣ አባባ።»

ግራ ትከሻዬን አዩ። «ዝናብ ሲመጣስ?» ብለው ወደ ደላላው ዞሩ።

«ሸራ ይለብሳላ! ደግሞ ለእርስዎ ሸራ መስፋት ምን ችግር አለው? ልብስ ሰፊ አይደሉ እንዴ?»

«እኔ የምሰፋው ለሰው ነው» አሉ ጋሽ ሴንቲ፤ ቀዩ ፒክአፕ በዚሁ ቀረ። ስንሄድ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁት።

ሁለተኛዋ ኋላዋ ረዘም ያለ የቤተሰብ መኪና ናት። ሻጩ ሰው ቤታችን ኑ አለን፤ ሄደን ስናያት ንጹሕ፣ ወንበሯ ያልተቀደደ፣ ተስማሚ መኪና ሆና አገኘናት። እኔ ሞተሩን አየሁ፣ ዘይቱን አየሁ፣ የማውቅ ለመምሰል ጎማውን ረገጥኩ። ጋሽ ሴንቲ የኋላ ወንበሮቹን አጥፈው በሆዳቸው ተኙና መለካት ጀመሩ። የሚያስጨንቃቸው በሩ ነው። ያዘዝነው አናጺ የቤቱን አዲስ ሰፊ በር ሠርቶ ጨርሷል፤ በሩ ደግሞ ሳይቆም፣ ሳይታጠፍ፣ ሳይጫር፣ ተኝቶ መሄድ አለበት ብለዋል። ለሚስታቸው የሚገባ በር ተጭሮ አይገባም።

ሻጩና ሚስቱ ከኋላችን ቆመው ያያሉ። ጋሽ ሴንቲ ጭንቅላታቸውን ሳያወጡ ከውስጥ ሆነው ጮክ ብለው መናገር ጀመሩ።

«ደረቷ ሰፊ ነው። ቁመቷም ደህና ነው። ዳሌዋ ላይ ነው የተበላሸችው።»

የሚሉት ኋላ ጎማው ላይ ወደ ውስጥ ስላበጠው ብረት ነበር። ይህንን ለሻጩ ሚስት ለማስረዳት አፌን ስከፍት ሴትዮዋ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች። ሻጩም መኪናዋን ለመሸጥ ሐሳቡን መቀየሩን ነገረን።

ወደ ሜዳው ተመለስን። ደላላው የቀረውን ሁሉ አሳየን፤ ጋሽ ሴንቲም ሁሉንም ለኩ። አንዱ ሲገባ ጠባብ ነው፣ አንዱ ወለሉ ወጣ ገባ ነው፣ አንዱን ደግሞ ምንጣፉን ገልጠው ከሥር አዩና «ገበሩ በስብሷል» ብለው በሩን ዘጉት። ፀሐዩ ከበደኝ። ልንሄድ ስንል ከአጥሩ ጥግ፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር ኋላ፣ አንዲት ቫን አዩ።

«ያቺስ?»

«እሷን ይተዋት፣ ጋሼ» አለ ደላላው። ለእናቱ ያላስቀመጣት ብቸኛ መኪና እሷ ነበረች።

ድሮ ነጭ ነበረች። የጭነት ክፍሏ መስኮት የለውም። በሁለቱም ጎኗ ላይ በትልቅ ቀይ ፊደል «ትኩስ ዳቦ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ጫማ የሚመስል ዳቦ ተስሏል። ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የኋላ በሯ ሲከፈት ግን ሽታው አሁንም አለ። ወለሏ ዝቅ ያለና ልሙጥ ነው። ጋሽ ሴንቲ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ከውስጥ የሜትሩ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሲወጡ ፊታቸው ላይ ለሙሽራ ኮት ሰፍተው ልክ ሲመጣላቸው የማየው ነገር ነበር።

«በሩ ተኝቶ ይገባል፤ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ጣት ይተርፋል» አሉ።

ሞተሩን ብነካው ይሞቃል። ገዢ ሲመጣ ቀድመው አሙቀውት ከሆነ በብርድ አልነሳም የሚል ሞተር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በማግስቱ ሳንናገር በጠዋት መካኒክ ይዘን ከተፍ አልን። ቀዝቅዛ አድራለች፤ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። መካኒኩ ሥሯ ገብቶ ሲንከባለል ቆየና ወጣ።

«ሞተሩ ሽማግሌ ነው፤ በሽተኛ ግን አይደለም። ፍሬኑን ቀይሩ። ጭነት ስትይዝ ዳገት ላይ አታጣድፏት። የቀረው መልክ ነው» አለ።

«አባባ» አልኩ፣ «ይህን ጽሑፍ ይዤ ፋርማሲ ልሂድ?»

«ዳቦ ከመድኃኒት ምን ያንሳል?» አሉና ከደላላው ጋር በዋጋው ተስማሙ።

ወደ ቤታቸው የሚያስገባው መንገድ በሁለት የግንብ አጥሮች መካከል ያለች ቀጭን መተላለፊያ ናት። የእኔ ትንሽ መኪና ዘና ብላ ነበር የምትገባው። ቫኗን ይዘን ስንደርስ ስፖኪዮዎቹን አጠፍኩና ቀስ እያልኩ ገባሁ። ጋሽ ሴንቲ አጠገቤ ተቀምጠው «ግባ፣ ግባ» ይላሉ። ገባሁ። አጥራቸው በር ድረስ ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁና በሩን ገፋሁት። በአንድ ጣት ያህል ተከፍቶ ግንቡን መታ። የሳቸውንም ሞከሩት፤ እንደዚያው።

«አባባ» አልኩ፣ «የመኪናዋን ውጭውን ለክተውታል?»

የሜትራቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «የምለካው ገላውን ነው። ኮቱን የለበሰ ሰው በየት በር እንደሚያልፍ ጠይቄ አላውቅም።»

ወደ ኋላ ልወጣ ሞተሩን ሳስነሳ ከኋላችን ዝርግፍ የሚል ድምፅ ተሰማ። ያ ስልኩን የዘጋው የአሸዋ ሹፌር መጣ። ስንት ጊዜ ተለምኖ ያልመጣ ሰው፣ ቀኑን ጠብቆ፣ ሰዓቱን መርጦ፣ አሸዋውን በሙሉ መተላለፊያዋ አፍ ላይ ደፍቶት ሄደ። ወንበሩን ተሻግረን ወደ ጭነቱ ክፍል ገባንና የኋላውን በር ፈለግን። በሩ ከውስጥ እጀታ የለውም። ዳቦ ከውስጥ በር ከፍቶ አይወርድማ!

ክላክሱን ነፋሁት። ግንበኛው ግቢ ውስጥ ነው፤ ግን ሲሚንቶ ሲያቦካ ሬዲዮ ይከፍታል። ጨለማ ውስጥ፣ ዳቦ ዳቦ በሚሸት ሣጥን ውስጥ፣ ከአማቴ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተገናኝቼ ተቀመጥኩ። በሕይወታችን እንዲህ ተቀራርበን አናውቅም።

«ራስጌው» አሉ ጋሽ ሴንቲ ድንገት፣ «የተቀረጸ ነው ወይስ ልሙጥ?»

«አላየሁትም፣ አባባ።»

«ልሙጥ ከሆነ ተስፋ አለ» አሉ።

እጃቸውን ልይዝ አስቤ አፈርኩ። በዚህ መሐል ሬዲዮው ዝም አለና ግንበኛው ወጣ፤ ፊት ለፊት ቆሞ በመስታወቱ አየን፤ ከዚያ ግንቡን ተደግፎ እስኪደክመው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅለት በኮፈኑ ላይ ወጥቶ፣ በጣሪያዋ ላይ ተረማምዶ፣ በኋላ ወርዶ ከፈተልን። «ትኩስ ናችሁ?» አለን። ሰፈሩ ወሬውን ሰምቶ ለመጨረስ ምሳ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

ከዚያ በኋላ ዘዴ ተገኘ። በኋላ በኩል እየነዳሁ እገባለሁ፤ ጭነቱ በር ላይ ይደርሳል፤ ግንበኛው ከውጭ ይከፍታል፤ ዕቃው ይወርዳል። ሹፌሩ ግን መውጫ የለውም። ስለዚህ እኔ ከመሪው ተነስቼ ወንበሩን ተሻግሬ፣ በሲሚንቶው ላይ ተንፏቅቄ፣ ከዕቃው ጋር እወርዳለሁ። ግንበኛው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ እጄን ይዞ ሲያወርደኝ «ይሄ የት ይቀመጥ?» ብሎ ይጠይቃል።

መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ሰው ያንኳኳል። «አራት ዳቦ።» የለም እላለሁ። «እንዴት የለም? ተጽፏል አይደል?» አንድ ሽማግሌ ፌስታላቸውን ዘርግተው ሁለት መብራት አሳለፉኝ። አንድ ቀን ከሲሚንቶ መሸጫው በር ላይ የኋላ በሯን ከፍቼ ሳስጭን አንዲት ሴት ኬሻዎቹን አየች።

«አያችሁልኝ?» ብላ መንገደኛውን ሁሉ ጠራች። «ዱቄቱን ደብቆት ነው!»

ሲሚንቶ መሆኑን ለማሳየት አንዱን ኬሻ መቅደድ ነበረብኝ። ሴትዮዋ እጇን አስገብታ ዳሰሰችና፣ «ታዲያ ከዚህ ነው ዳቦ የምትጋግሩልን? ሆዳችን መክበዱ ለካ!» ብላ ሄደች። ጽሑፉን በቀለም እንድሸፍነው ጋሽ ሴንቲን ለመንኳቸው። ለቀለም ጊዜ የለም፣ አልጋው ተገዝቷል አሉኝ። ለሁሉም ነገር መልሳቸው እሱ ሆኖ ነበር።

እሑድ እሑድ በዚችው መኪና ዳይሬክተሯ ቤት እወስዳቸዋለሁ። እግራችንን ጠርገን እንገባለን። ጋሽ ሴንቲ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሪፖርት ያቀርባሉ።

«መስኮቱ ገባ።»

«ይበጅ» ይላሉ እማማ።

ሻይ ይጠጣል።

«ሰድሩ ነጭ ነው።»

«ነጭ ይቆሽሻል።»

«ግራጫ ላድርገው?»

«እንደ ፈቀድክ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ተነስተን መኪና ውስጥ ስንገባ «አልወደደችውም» ይሉኛል፤ ነጩ ሰድር ተመልሶ ግራጫ ይጫናል። አንድ እሑድ የአልጋውን ራስጌ ለማየት መታጠቢያ ቤት የሄዱ መስለው በኮሪደሩ አለፉ። ሲመለሱ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። አበባ ተቀርጾበታል።

ቢሆንም ሥራውን አላቆሙም። በሩ ተኝቶ መጣ፣ ሳይጫር ገባ። መታጠቢያው አለቀ፣ መያዣ ብረቶቹ በእማማ ክንድ ልክ ተተከሉ። የስፌት መኪናዎቹን እኔና ግንበኛው ያንን ደረጃ ይዘን ስናወጣ ስለ አማትነት ብዙ ነገር አሰብኩ፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ቤቱ ባለቀ ዕለት ጋሽ ሴንቲ ከላይ ባለ መደገፊያ ወንበር አውርደው ቫኗ ውስጥ በገመድ አሰሩት፤ የእማማ እግር ብዙ ስለማይታጠፍ ዘርግተው እንዲቀመጡ ወፍራም ትራስ ሰፉለት። ወለሏ ዝቅ ያለ ስለሆነ እማማ እንደ ልባቸው ይገባሉ። ጋሽ ሴንቲ ሙሉ ልብሳቸውን ለበሱ፤ ክራቫት ሁሉ አሰሩ። እኔ ባለቤቴን እያየሁ፣ እሷ አባቷን እያየች ሄድን።

ዳይሬክተሯ በረንዳው አፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። እማማ ፀሐዩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ምርኩዛቸው አጠገባቸው ነው።

«ቤቱ አለቀ?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«አለቀ።»

«ደረጃ?»

«አትወጣም። ሁሉም ከታች ነው።»

«መታጠቢያው ያንሸራትታል?»

«ሳሙና አፍስሼ በባዶ እግሬ ሄጄበታለሁ።»

«ወደቅህ?»

«አልወደቅሁም።»

ዳይሬክተሯ ማርክ እንደሚሰጡ ዓይነት ቆዩ። «መልካም» አሉ። «ጥሩ ቤት ሠርተሃል። እዚህም ጥሩ ቤት አለ። እህቴ ዕቃ አይደለችም፣ እሷው ትናገር።»

ሁላችንም ወደ እማማ ዞርን። እማማ ግን የሚያዩት ባላቸውን ብቻ ነው።

«በሩን ሰማሁ» አሉ። «መስኮቱን ሰማሁ፣ ሰድሩን ሰማሁ፣ መያዣውንም ሰማሁ። ሌላስ?»

ጋሽ ሴንቲ አሰቡ። «መብራቱ ከአልጋ ሳትነሺ ይጠፋል።»

«ሌላስ?»

«ሙቅ ውኃ አለው።»

«ሌላስ?»

ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምን እንዳደርግ ፈልጋ እንደሆነ አላውቅም። ጋሽ ሴንቲ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ሜትሩ የለም፤ ክራቫት ነው ያለው። እጃቸው የሚይዘው አጣ፣ ወረደ።

«ሱሪው ሁሉ እየተመለሰብኝ ነው» አሉ።

«የምን ሱሪ?»

«የደንበኛ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሰፋሁት ሁሉ ይመለሳል። አንዱ እግር ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። ለክቼ ነው የምቆርጠው፤ በደንብ ለክቼ። ግን አንቺ ከኋላዬ ሆነሽ ‹ጠማማ ነው› ካላልሽኝ ሁሉም ቀጥ ያለ ይመስለኛል።» ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ። «ቤቱ ውስጥ ማንም አይቆጣኝም። ማንም አይስቅብኝም። ሲነጋ አልጋው ላይ ሆኜ ደረጃውን ስትወርጂ እሰማለሁ፣ ግን አንቺ አይደለሽም። አልቻልኩም። ነይ።»

ዳይሬክተሯ ፊታቸውን አዙረው ምንም ያልሆነውን የአበባ ማሰሮ ማስተካከል ጀመሩ። ባለቤቴ እጄን ለቃ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም አቧራ ገባብኝ ማለት አልፈልግም፣ አለቀስኩ።

እማማ ወደ ባላቸው ዘንበል አሉ።

«ይህችን ለማለት ነው መኪና የገዛኸው?» አሉ።

ጋሽ ሴንቲ ተጨነቁ። «ቤቱንም አድሻለሁ» አሉ።

እማማ ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። ምርኩዛቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ ተነሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ምን ትጠብቃለህ? አስነሳት እንጂ!»